ድምፅ ለምን ይዋጣል? ከነአኩቶ ለአብ ዋሻ እስከ ሙዚቃ ስቱዲዮ

ከላሊበላ ከተማ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ይንጠባጠባል። በዛግዌው ንጉሥ በነአኩቶ ለአብ ስም የሚጠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን እንደ ላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈለ ሳይሆን በተፈጥሮ ዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታም ከሥሩ በተቀመጡ የድንጋይ ገንዳዎች እየተጠራቀመ ለጠበልነት ያገለግላል። ጸጥታ በሰፈነበት ሰዓት የእያንዳንዱ ጠብታ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ማኅሌቱ ደምቆ ከበሮውና ጸናጽሉ ሲታከሉበት ግን አንዱም አይሰማም። ጠብታው መውደቁን አላቆመም፤ ድምፁም አልቀነሰም። የቀነሰው ጆሯችን ያንን ድምፅ ከሌላው ለይቶ የመስማት ችሎታው ነው።

ይህ ክስተት የድምፅ መሸፈን ይባላል። በሠርግ ድንኳን፣ በትምህርት ቤት በዓልና በሙዚቃ ስቱዲዮ ደጋግመን የምንሰማው “ዘፋኙ ምን አለ?” የሚለው ጥያቄ ምንጩ ይኸው ነው። ለጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ “ድምፁን ጨምሩለት” የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መሆኑን ማስረዳት ነው። የሰው ድምፅ በሙዚቃ መሣሪያዎች መካከል ተደላድሎ የሚቀመጠው ከሁሉም በላይ ስለጮኸ ሳይሆን ቦታ ስለተለቀቀለት ነው። ይህም ቦታ በሦስት ይከፈላል፤ በድግግሞሽ፣ በጊዜና በርቀት።

ጩኸት ለምን አይበቃም?

የድምፅ መጠን በዴሲቤል ይለካል። መለኪያው ሎጋሪዝማዊ በመሆኑ የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ማለት የኃይል አሥር እጥፍ ማለት ነው። ጆሯችን ግን ይህንን አሥር እጥፍ ኃይል የሚሰማው እንደ ሁለት እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በ10 ዋት የሚሠራን የድምፅ ማጉያ “እጥፍ አድርገህ አሰማ” ማለት 100 ዋት አምጣ እንደማለት ነው። ማጉያው ይህ አቅም ከሌለው የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ ደግሞ ቀድሞ ያልነበሩ ከፍተኛ ድግግሞሾችን ይፈጥራል፤ እነዚህም ቀጥለን እንደምንመለከተው ተነባቢ ፊደላት በሚሰሙበት ክልል ላይ ያርፋሉ። በሌላ አነጋገር ቃሉ እንዲሰማ ሲባል የተጨመረው ጩኸት ቃሉን መልሶ ይሸፍነዋል።

የሰው ድምፅ የሚገኝበት ክልል

የወንድ የንግግር ድምፅ መሠረታዊ ድግግሞሽ በአማካይ ከ100 እስከ 150 ሄርዝ ሲሆን የሴት ደግሞ 200 ሄርዝ አካባቢ ነው። በዜማ ጊዜ ይህ መጠን ከፍ ይላል። ከመሠረታዊው ድግግሞሽ በላይ ብዙ ተከታይ ድግግሞሾች አሉ፤ ጉሮሮና አፍ እንደየቅርጻቸው አንዳንዶቹን ያጎላሉ፣ ሌሎቹን ያደበዝዛሉ። “ኢ” እና “ኦ” የሚለያዩት በዚህ ነው። ይህ የአናባቢዎች መለያ ክልል በግምት ከ300 እስከ 3000 ሄርዝ ይደርሳል። እንደ ሰ፣ ሸ፣ ተና ከ ያሉ ተነባቢዎች ግን ዋና መለያቸው ከ2000 እስከ 8000 ሄርዝ ባለው ክልል ይገኛል፤ ኃይላቸውም ደካማ ነው። እንግዲህ አንድ አስገራሚ እውነት አለ፦ የሰው ድምፅ አብዛኛው ኃይል ከ1000 ሄርዝ በታች ሲሆን ቃላቱን ለይተን የምናውቅበት አብዛኛው መረጃ ግን ከዚያ በላይ ነው።

ጆሯችንም ለዚህ የተዘጋጀ ይመስላል። ከውጭ እስከ ታምቡር ድረስ ያለው የጆሮ ቱቦ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። አንድ ጫፉ ክፍት፣ ሌላው ዝግ የሆነ ቱቦ ሬዞናንስ የሚያሳየው የሞገዱ ርዝመት የቱቦው አራት እጥፍ ሲሆን ነው። የድምፅን ፍጥነት 340 ሜትር በሰከንድ ብንወስድ፣ 340 ሲካፈል ለ0.1 ሜትር 3400 ሄርዝ ይሰጠናል። ጆሮ ከሁሉ ይበልጥ ንቁ የሆነው በእርግጥም በዚህ አካባቢ ነው።

በአማርኛ ይህ ጉዳይ ተራ ነገር አይደለም። “ከበረ” እና “ቀበረ” የሚለያዩት በአንድ ተነባቢ አፈነዳድ ብቻ ነው፤ “መጣ” እና “መታ”ም እንዲሁ። ይህ የአፈነዳድ ልዩነት የሚቆየው ለጥቂት መቶኛ ሰከንዶች ነው። መጥበቅና መላላትም አለ፤ “ገና” ሲላላ የጊዜ ጉዳይ ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። “ይበላል” ሲላላ ሰውየው በላተኛ ነው፣ ሲጠብቅ ግን የሚበላው ነገር ነው። የሰምና ወርቅ ቅኔ የተመሠረተው በእንደዚህ ዓይነት ጥቃቅን ልዩነቶች ላይ ነው። ድምፁ በመሣሪያ ከተሸፈነ ሰሙ ምናልባት ይደርሰን ይሆናል፤ ወርቁ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ማን ማንን ይሸፍናል?

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚመስል ጥምዝምዝ አካል አለ። በውስጡ የተዘረጋው 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ስስ ሽፋን በየቦታው ለተለያየ ድግግሞሽ ይርገበገባል፤ ለቀጭን ድምፅ ከመግቢያው አጠገብ፣ ለወፍራም ድምፅ ከመጨረሻው ጫፍ። ወፍራሙ ድምፅ ወደ መጨረሻው ለመድረስ በቀጭኑ ክልል በኩል ማለፍ ስላለበት መንገዱን ሁሉ ይነቀንቃል። በዚህም ምክንያት ጎላ ያለ ወፍራም ድምፅ ቀጭኑን በቀላሉ ሲሸፍን የዚህ ተቃራኒ ግን ይከብዳል። ይህንን ልዩነት ዌግልና ሌን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1924 ለክተው አሳይተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ሃርቪ ፍሌቸር ጆሮ ድግግሞሾችን በጠባብ ክልሎች ከፋፍሎ እንደሚያዳምጥ አስረዳ። በ1000 ሄርዝ አካባቢ የአንዱ ክልል ስፋት 160 ሄርዝ ገደማ ነው። ሁለት ድምፆች በአንድ ክልል ውስጥ ከገቡ ጎላ ያለው ሌላውን ይውጠዋል፤ በተለያዩ ክልሎች ከሆኑ ግን ጎን ለጎን ሊሰሙ ይችላሉ። የሙዚቃ ሚክሲንግ ጥበብ በአብዛኛው የዚህ ሕግ ተግባራዊ ትርጉም ነው።

ከማኅሌትና ከአዝማሪ የምንማረው

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የዜማውን አጀማመር በ6ኛው ክፍለ ዘመን ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ዜማው በአቋቋም ሲቀርብ የሚታጀበው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው። የእነዚህን መሣሪያዎች አቀማመጥ በድግግሞሽ ሰሌዳ ላይ እንመልከት። የከበሮው ሰፊ አፍ ዋና ኃይሉን ከድምፃውያኑ ዋና ክልል በታች ያሳርፋል። የጸናጽሉ የብረት ቅጠሎች ደግሞ ከላይ በኩል ባለው ቀጭን ክልል ይንሾካሾካሉ። ሰፊው መሐል ለሰው ድምፅ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ጸናጽሉ ተነባቢዎቹን ሊነካ ቢችልም የሚንቀሳቀሰው በምት ስለሆነ በምቶቹ መካከል ክፍተት ይተዋል።

ከዚህ ይበልጥ አስተማሪው የቅደም ተከተሉ ሥርዓት ነው። ቃሉ በመጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ቀጥሎ በመቋሚያ በዝማሜ ይመራል። ከዚያ ከበሮና ጸናጽል ገብተው መረግዱ ይከተላል፤ በመጨረሻም ፍጥነቱ ጨምሮ በጽፋት ይደምቃል። ድምቀቱ ከፍ ባለ ጊዜ ቃሉ መሸፈኑ አይቀርም፤ ነገር ግን አድማጩ ቃሉን አስቀድሞ ስለያዘው ከፊሉን ብቻ ሰምቶ ቀሪውን አእምሮው ይሞላዋል። ሰው የሚያውቀውን ቃል በጫጫታ ውስጥም ቢሆን ከማያውቀው ቃል በቀለለ ሁኔታ ለይቶ ይሰማል። ሊቃውንቱ ሥርዓቱን የደነገጉት ለዚህ ሲሉ ነው ማለታችን አይደለም፤ ሥርዓቱ የራሱ መንፈሳዊ ትርጉም አለው። ከድምፅ ሳይንስ አንጻር የሚያስገኘው ውጤት ግን ይህ ነው።

የላስታ አዝማሪ ችግር ከዚህ የተለየ ነው። መሲንቆ የሚጫወትበት ክልል ከሰው ድምፅ ክልል ጋር አንድ ነው፤ በድግግሞሽ ቦታ መለያየት አይቻልም። ስለዚህ አዝማሪው ቦታውን በጊዜ ይከፍላል። ግጥሙን ሲያወርድ መሲንቆው ዝግ ይላል ወይም ዜማውን ብቻ በለሆሳስ ይከተላል፤ ስንኙ ሲያልቅ መሲንቆው ጎልቶ ይመልሳል፣ አዝማሪውም ትንፋሹን ይሰበስባል። አድማጩም የሰማውን ቅኔ ለመፍታት ፋታ ያገኛል።

ግድግዳው ሲዘፍን

ሦስተኛው የቦታ ዓይነት ርቀት ነው። እዚህ ላይ አስቀድመን አንድ የተሳሳተ ግምት እናርም። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነና አየሩ ስለሚሳሳ ድምፅ በዝግታ ይጓዛል ብለው የሚያስቡ አሉ። የድምፅ ፍጥነት በአየር ውስጥ የሚወሰነው በዋናነት በሙቀት እንጂ በግፊት አይደለም፤ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላሊበላም ሆነ በባሕር ዳርቻ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው።

ከአፍ የወጣ ድምፅ በቀጥታ ወደ አድማጩ ይደርሳል፤ ከግድግዳና ከጣሪያ የተንጸባረቀው ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል። ከቀጥተኛው ይልቅ 10 ሜትር የበለጠ መንገድ የተጓዘ ነጸብራቅ የሚዘገየው 29 ሚሊ ሰከንድ ያህል ነው። እስከ 30 ወይም 50 ሚሊ ሰከንድ ድረስ የሚደርስ ነጸብራቅ ከዋናው ድምፅ ጋር ተዋሕዶ እንደሚያጎላው ሄልሙት ሃስ የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አረጋግጧል። 34 ሜትር ርቆ ከቆመ ገደል የሚመለሰው ድምፅ ግን 200 ሚሊ ሰከንድ ስለሚዘገይ ራሱን ችሎ እንደ ገደል ማሚቶ ይሰማል። ነጸብራቆቹ በብዛት ተደራርበው ድምፁ ካቆመ በኋላ የሚቀረው ቅሪት ባለሙያዎች ሪቨርብ የሚሉት ነው።

የዚህን ቅሪት ዕድሜ ለማስላት የሚያስችለውን ሕግ ያገኘው በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዋላስ ሳቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በዩኒቨርሲቲው አንድ አዲስ አዳራሽ ውስጥ የመምህሩ ንግግር ሊለይ ባለመቻሉ ምክንያቱን እንዲያጠና ተጠየቀ። በአዳራሹ ውስጥ አንድ ድምፅ ለመጥፋት 5.5 ሰከንድ ያህል ይፈጅ ነበር። ሳቢን የወንበር ትራሶችን እያስገባና እያስወጣ ለክቶ የሚከተለውን አገኘ፦ የቅሪቱ ዕድሜ በሰከንድ እኩል ነው 0.161 ሲባዛ በክፍሉ ይዘት በሜትር ኩብ፣ ሲካፈል ለጠቅላላው ድምፅ የመምጠጥ አቅም በካሬ ሜትር።

ለምሳሌ 10 ሜትር ርዝመት፣ 8 ሜትር ወርድና 5 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ክፍል እንውሰድ፤ ይህ ለስሌት የቀረበ እንጂ የአንድ የተወሰነ ቤተ ክርስቲያን ልኬት አይደለም። ይዘቱ 400 ሜትር ኩብ፣ የገጾቹ ስፋት በድምሩ 340 ካሬ ሜትር ነው። ድንጋዩ ከሚያርፍበት ድምፅ 2 በመቶ ብቻ ይመጣል ብንል የመምጠጥ አቅሙ 6.8 ይሆናል፤ ቅሪቱም 9.5 ሰከንድ ገደማ ይቆያል። በዚህ ክፍል ውስጥ በተናገርን ጊዜ እያንዳንዱ ቃል በቀደሙት ብዙ ቃላት ላይ ይደረባል። አሁን 10 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው በር እንክፈት። በክፍት በር የወጣ ድምፅ ስለማይመለስ በሩ መቶ በመቶ እንደሚመጥ ይቆጠራል፤ ቅሪቱም ወደ 3.9 ሰከንድ ይወርዳል። በሩን ዘግተን ወለሉን ምንጣፍ ብናለብስና ነጠላና ጋቢ የለበሱ 80 ምእመናን ብናስገባ፣ ምንጣፉ 30 በመቶ እንደሚመጥና እያንዳንዱ ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ እንደሚያህል ብንቆጥር፣ ቅሪቱ ከ1 ሰከንድ በታች ይሆናል። አፉ በሰፊው የተከፈተ ዋሻና ከሁሉም አቅጣጫ የተዘጋ የአለት ክፍል ለምን አንድ ዓይነት ድምፅ እንደማይሰጡ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዚሁ ስሌት ለማይክሮፎን ተጠቃሚ ሁሉ የሚጠቅም አንድ ቁጥር ይገኛል። ከድምፁ ምንጭ በራቅን ቁጥር ቀጥተኛው ድምፅ ይቀንሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። ቅሪቱ ግን በክፍሉ ውስጥ በሁሉም ቦታ እኩል ያህል ነው። ሁለቱ የሚስተካከሉበት ርቀት ባዶ በሆነው የድንጋይ ክፍላችን 37 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሰው በሞላበት ጊዜ 1.2 ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ርቀት ውጭ የተቀመጠ ማይክሮፎን ከሰውየው ይልቅ ግድግዳውን ይቀዳል።

ከላስታ ወደ አዲስ አበባ ስቱዲዮዎች

ሮሃ የላሊበላ የቀድሞ መጠሪያ ነው። በዚሁ ስም የሚጠራው ሮሃ ባንድ የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ ለሚያውቅ ሁሉ እንግዳ አይደለም። እንደ ጊታር ተጫዋቹ ሰላም ስዩምና እንደ ቤዝ ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ያሉት አባላቱ ቀደም ሲል በአይቤክስ ባንድ ውስጥ ነበሩ፤ ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውን “ኧረ መላ መላ” ያጀበውም ይኸው አይቤክስ ነው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ካቋቋመ ጀምሮ በነበሩት ዓመታት የብዙ ትራክ መቅጃ መሣሪያ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ድምፃዊውና ባንዱ አብረው ሲቀዱ ከቀረጻ በኋላ የሚስተካከል ነገር ጥቂት ነው፤ ሚክሲንጉ የሚሠራው ከቀረጻው በፊት፣ በሙዚቃው ቅንብርና ተጫዋቾቹ ከማይክሮፎኑ በሚቆሙበት ርቀት ነው። በእነዚያ ዘፈኖች ውስጥ ትንፋሽ መሣሪያዎቹ ድምፃዊው ስንኙን ሲጨርስ ገብተው ሲመልሱ እንሰማለን። ይህ የአዝማሪው ዘዴ በሳክስፎንና በትራምፔት ሲሠራ ነው።

በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ሌላ ፈተና ነበረው። ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ የቴፑ ሹክሹክታ ይጨምራል፤ ቀጫጭኖቹ ድግግሞሾችም እየደከሙ ይሄዳሉ። በመጀመሪያ የሚጠፉት እንግዲህ ተነባቢዎቹ ናቸው። ዜማውን አውቀነው ግጥሙን ግን እየገመትን የዘፈንናቸው መዝሙሮችና ዘፈኖች ብዙዎች መሆናቸው አያስገርምም።

በተግባር ምን እናድርግ?

ዛሬ አንድ ተማሪ በኮምፒውተሩ ላይ ሙሉ ስቱዲዮ ሊያቋቁም ይችላል። ከላይ የተመለከትናቸው ሕጎች ወደ ተግባር ሲለወጡ የሚከተሉትን ይሰጡናል።

አንደኛ፣ ከድምፃዊው ትራክ ላይ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን በኢኳላይዘር መቁረጥ፤ እዚያ የሚገኘው የእግር ኮቴና የትንፋሽ ግፊት እንጂ ቃል አይደለም። ዝቅተኛው ክልል ለከበሮና ለቤዝ ይለቀቅ።

ሁለተኛ፣ ድምፃዊውን ከፍ ከማድረግ በፊት ጊታሩንና ኪቦርዱን ከ2000 እስከ 4000 ሄርዝ ባለው ክልል በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ። መሣሪያዎቹ ብዙም አይጎዱም፤ ቃላቱ ግን ይከፈታሉ።

ሦስተኛ፣ የድምፃዊውን ከፍታና ዝቅታ በኮምፕሬሰር ማቀራረብ። በ4 ለ1 የተስተካከለ ኮምፕሬሰር ከወሰኑ 12 ዴሲቤል የዘለለውን ድምፅ 3 ዴሲቤል ብቻ እንዲዘል ያደርገዋል። ከዚያ ጠቅላላው መጠን ከፍ ሲል ዝግ ብለው የተባሉት ቃላት ከመሣሪያዎቹ በላይ ይወጣሉ። ሲበዛ ግን ስሜቱን ይገድላል፤ ጩኸትና ሹክሹክታ አንድ የሆኑበት ዘፈን ሕይወት የለውም።

አራተኛ፣ ሪቨርብ ሲጨመር ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ አዘግይቶ ማስጀመር። ተነባቢው ንጹሕ ሆኖ ካለፈ በኋላ ቅሪቱ ይከተለዋል፤ አድማጩ ሰፊ ቦታ ይሰማዋል፣ ቃሉም አይደበዝዝም። የቅሪቱ ዕድሜ ሲረዝም የጠበቀ ፊደል ዝምታ በቅሪት ተሞልቶ እንደ ላላ ሊሰማ እንደሚችል አንርሳ።

አምስተኛ፣ በዝቅተኛ ድምፅ ማዳመጥ። ፍሌቸርና ማንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ወፍራሞቹን ድግግሞሾች ከሌሎቹ አስቀድሞ ያጣቸዋል። በለሆሳስ እየተሰማ ድምፃዊው ብቻውን የቀረ ከመሰለ አለቅጥ ጎልቷል፤ ቃሉ ከጠፋም ተውጧል ማለት ነው። ፍርዱን ደግሞ ግጥሙን ለማያውቅ ሰው መስጠት ይገባል። ግጥሙን የሚያውቀው አቀናባሪ አእምሮው እየሞላለት ስለሚሰማ ለዚህ ፈተና ብቁ ዳኛ አይደለም።

ከቀረጻ በኋላ የማይመለስ

ይህ ሁሉ ለሙዚቃ ነጋዴ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በላስታና በሌሎችም አካባቢዎች የመሪጌቶች ዜማ፣ የአልቃሾች ሙሾና የአዝማሪዎች ቅኔ በእጅ ስልክ እየተቀዳ ነው። ከእነዚህ ድምፆች ብዙዎቹ በሌላ መንገድ አልተመዘገቡም። ዲዘር የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ስፕሊተር የተሰኘውን ፕሮግራም ለሁሉም ክፍት አድርጎ ካወጣ ወዲህ የሰውን ድምፅ ከመሣሪያው የሚለዩ ፕሮግራሞች በፍጥነት ተሻሽለዋል። እነዚህ ፕሮግራሞች የሚሠሩት ግን ቀደም ሲል ከተማሩት ምሳሌ በመነሣት ነው፤ መሲንቆን በበቂ ያልሰማ ፕሮግራም መሲንቆውን ከሰው ጉሮሮ ጋር ሊያደባልቅ ይችላል። በከበሮ የተሸፈነ ተነባቢ ሲመለስም የምናገኘው ግምትን እንጂ የተባለውን ራሱን ላይሆን ይችላል።

ስለሆነም ወደ አገር ቤት የሚሄድ ተማሪ ሁሉ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አለ። ስልኩን ከከበሮው አርቆ ከባለ ዜማው አፍ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ያስቀምጥ፤ ከተፈቀደለትም ቃሉን አንድ ጊዜ ያለ መሣሪያ ያስብልና ይቅዳ፤ ከዚያ ሙሉውን ከነድምቀቱ ይቅዳ። የድምቀቱን ቀረጻ ለደስታ እናዳምጠዋለን። ከሃምሳ ዓመት በኋላ “ከበረ ነው ወይስ ቀበረ?” ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ የሚሰጠው ግን የመጀመሪያው ነው።